ጥያቄው የማን ነው? የጆንስ አይላንድ የማታ ትምህርትና የማወያየት ጥበብ

«ውይይት» ብዙ ኢትዮጵያዊ ሲሰማው በመጠኑ የሚጠራጠረው ቃል ነው። በደርግ ዘመን በመሥሪያ ቤት ወይም በፋብሪካ የሠራ ሰው «የውይይት ክበብ» ሲባል ምን ማለት እንደነበረ አይዘነጋውም። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ መቅረት ያስጠይቃል፤ የሚነበበው ጽሑፍ ከበላይ የመጣ ነው፤ መደምደሚያውም ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ያለቀ ነው። «አስተያየት ያለው?» ሲባል ተሰብሳቢው አንገቱን ይደፋል። የሚናገር ቢገኝም የተነበበለትን ጥቂት ቃላት ለዋውጦ መልሶ ያነባል። ስብሰባው ሲበተን ሰዉ እውነተኛውን ውይይት በር ላይ፣ ሁለት ሦስት እየሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል።

ቃሉ ግን ይህ ሁሉ አይገባውም። «ተወያየ» የሚለው ግስ በባሕርዩ ከአንድ በላይ ሰው ይፈልጋል። ሰው ብቻውን ያስባል፣ ብቻውን ይጸልያል፣ ሲከፋውም ብቻውን ያወራል፤ ብቻውን ግን አይወያይም። «አወያይ» የሚለውም ስም ልብ ላለው ብዙ ይናገራል፤ አወያይ ማለት ሌሎችን የሚያወያይ እንጂ ራሱ የሚናገር ማለት አይደለም። እንግዲህ ዐዋቂዎች ሊማሩ ሲሰበሰቡ ስብሰባቸውን እውነተኛ ውይይት የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚመራውስ ሰው ምን ማድረግ፣ ከምንስ መቆጠብ አለበት? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ብዙ ዋጋ የተከፈለበት አንዱ የተገኘው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አይደለም። የተገኘው በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ጆንስ አይላንድ በምትባል ደሴት፣ ከአንዲት የኅብረት ሱቅ ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ዘመኑም 1957 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውቶቡስ ላይ የተጀመረ ትምህርት

ጆንስ አይላንድ ከቻርልስተን ከተማ አጠገብ ናት። በዚያን ዘመን በደሴቲቱ የሚኖሩት ጥቁሮች በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ተወላጆች ሲሆኑ፣ ጉላ የሚባል የራሳቸው አነጋገር ነበራቸው። ግማሾቹ ያርሳሉ፤ ግማሾቹ ማለዳ ተነሥተው ቻርልስተን ወርደው በሰው ቤትና በፋብሪካ ይሠራሉ። እነርሱን በአውቶቡሱ የሚያመላልሰው ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል የደሴቲቱ ተወላጅ ነበር። ጄንኪንስ ብዙ የመደበኛ ትምህርት አልነበረውም፤ ግን ያርሳል፣ ይነግዳል፣ የሰፈሩንም ጉዳይ እንደ ራሱ ጉዳይ ይዞ ይሯሯጣል።

የጄንኪንስ ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ነገሩ በግልጽ «ጥቁር አይመርጥም» ተብሎ አልተጻፈም። ደቡብ ካሮላይና በ1895 ያወጣችው ሕገ መንግሥት፣ ለመራጭነት የሚመዘገብ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንዱን ክፍል ማንበብና መጻፍ እንዲችል፣ ካልሆነም የተወሰነ ንብረት እንዲኖረው የሚጠይቅ ነበር። አንባቢነቱን የሚፈርደው ደግሞ ነጩ መዝጋቢ ነው። ድሃውን ገበሬ ልጅ ሳለ ትምህርት ነፈጉት፤ ሲያድግ «አልተማርክም» ብለው ድምፁን ነፈጉት።

አንድ ቀን ከተሳፋሪዎቹ አንዲቱ ማንበብ እንደማትችል፣ ቢረዳት ግን መመዝገብ እንደምትፈልግ ለጄንኪንስ ነገረችው። እርሱም የሕገ መንግሥቱን ክፍል አባዝቶ ለተሳፋሪዎቹ አደለ፤ አውቶቡሱ ላይ እየተነበበ፣ እየተተረጎመ፣ መንገዱ የትምህርት ሰዓት ሆነ። ሴትዮዋ የሚፈለገውን ክፍል በቃሏ ሸምድዳ ተመዘገበች። በዚህ ብቻ ግን አልረካችም፤ አሁን ደግሞ እውነተኛውን ንባብ ፈለገች። ጄንኪንስ ያን ጊዜ አውቶቡስ ብቻውን እንደማይበቃ ገባው።

ደሴቲቱ ላይ ከዚያ ቀደም የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ሰዉ ግን አልመጣም፤ የመጣውም አልቆየም። ምክንያቱ ኋላ ሲጠየቅ ቀላል ነበር። ጎልማሶቹ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ ወጣ። የተሰጣቸው መጽሐፍም የሕፃን መጽሐፍ ነበር። ልጅ ያሳደገ፣ እርሻ የያዘ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የተከበረ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ራሱን ማሳነስ ነበረበት። ከመሃይምነቱ ይልቅ ያ ውርደት ከበደው።

አላውቅም ያለው መምህር

ጄንኪንስ በ1954 በጋ ወደ ቴነሲ ተራሮች ተጓዘ። ሞንትኢግል በምትባል ከተማ አጠገብ «ሃይላንደር» የሚባል የጎልማሶች ማሠልጠኛ ነበር። ይዛው የሄደችው ሴፕቲማ ክላርክ የምትባል የቻርልስተን መምህርት ናት። ክላርክ ጆንስ አይላንድን በደንብ ታውቃታለች፤ በ1916 የ18 ዓመት ልጅ ሳለች ማስተማር የጀመረችው እዚያው ነበር። ያን ጊዜ የቻርልስተን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር መምህር አይቀጥሩም ነበር።

ሃይላንደርን በ1932 ከመሠረቱት አንዱ ማይልስ ሆርተን ነው። ሆርተን የቴነሲ ተወላጅ፣ ከድሃ ነጭ ቤተሰብ የወጣ ሰው ነበር። በ1927፣ ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ ኦዞን በምትባል የተራራ መንደር ለሕፃናት የክረምት መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያስተምር ተላከ። እርሱ ግን ወላጆቹንም ማታ ማታ ይጠራ ጀመር። ወላጆቹ መጡና ጥያቄ አወረዱበት፦ የጉድጓድ ውኃ ታይፎይድ እንዳለው በምን ይታወቃል? ፋብሪካ ሥራ የሚገኘው እንዴት ነው? ሆርተን አንዱንም አያውቅም። አፍሮ ከመሸሽ ይልቅ እንደማያውቅ ነገራቸው፤ ከመካከላቸው የሚያውቅ ካለ እንዲናገር ጠየቀ። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሰማ፤ ማንም የማያውቀውን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ፈልገው አስመጡ። ሰዉ እየበዛ መጣ። ሆርተን በሕይወቱ ሙሉ ወደዚያች መንደር ትዝታ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ያለ ዕውቀት የገባበት ክፍል ከተዘጋጀበት ክፍል ሁሉ የተሻለ ትምህርት ሆኖ ተገኘ።

ሃይላንደር የተሠራው በዚህ ግኝት ላይ ነው። ተሳታፊዎች በክብ ይቀመጣሉ፤ ፈተናና ማዕረግ የለም። በቴነሲ ሕግ የተከለከለ ቢሆንም ነጭና ጥቁር አብሮ ይበላል፣ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። የዐውደ ጥናቱ መዝጊያ ጥያቄም የታወቀ ነበር፦ አገራችሁ ስትመለሱ ምን ታደርጋላችሁ?

ጄንኪንስ የተገኘበት ዐውደ ጥናት ርእሱ ስለ ተባበሩት መንግሥታት ነበር። ተራው ሲደርስ ግን እርሱ ስለ ኒውዮርኩ ድርጅት ሳይሆን ስለ ደሴቱ ሰዎች ተናገረ፤ ማንበብ ተምረው ለመራጭነት የሚመዘገቡበት ቦታና የሚያስተምራቸው ሰው ይፈልጋሉ አለ። እዚህ ላይ ብዙ አወያይ የሚሳሳተው ስሕተት ሊመጣ ይችል ነበር። «ከርእሳችን አንውጣ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት የተዘጋጀ ነው። ሆርተን ግን ርእሱን ትቶ ሰውዬውን ተከተለ። ራሱ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ ከሰዎቹ ጋር ሰነበተ፤ የሕፃናቱን ወንበር ታሪክ የሰማውም ያን ጊዜ ነው። ሃይላንደርም ለደሴቲቱ ማኅበር ሕንፃ መግዣ የሚሆን ገንዘብ አበደረ። የፊተኛው ክፍል የኅብረት ሱቅ ሆነ፤ የኋላው ክፍል ትምህርት ቤት። ሱቁ መሸፈኛም ነበር። ማታ ማታ ጥቁሮች የሚሰበሰቡበትን ቤት ነጮቹ ጎረቤቶች እንዲያውቁ አልተፈለገም።

ፀጉር ሠሪዋ

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማን ያስተምር የሚል ነበር። ክላርክና ሆርተን ሆን ብለው የሠለጠነ መምህር አልፈለጉም። የመረጧት በርኒስ ሮቢንሰንን ነው፤ የክላርክ ዘመድ፣ በሙያዋ ፀጉር ሠሪና ልብስ ሰፊ። ሮቢንሰን አስተምሬ አላውቅም ብላ አጥብቃ እንቢ ብላ ነበር። የመረጧት ግን በዚያው ምክንያት ነው። አስተምራ ስለማታውቅ ሰው ፊት ቆማ የማስረዳት ልማድ አልተጠናወታትም። ሌላም የማይናቅ ምክንያት አለ። ደንበኞቿ ጥቁር ሴቶች ስለነበሩ፣ ነጭ አሠሪ ተቆጥቶ ከሥራ ሊያባርራት አይችልም። በዚያው ዘመን ክላርክ ራሷ የደረሰባት ይህ ነበር። በ1956 ደቡብ ካሮላይና የመንግሥት ሠራተኛ የጥቁሮች የመብት ማኅበር አባል እንዳይሆን ከለከለች። ክላርክ አባልነቷን አልክድም አለች፤ ከ40 ዓመት ገደማ አገልግሎት በኋላ ከሥራዋ ተባረረች፤ የጡረታ መብቷም ተወሰደ። ያን ጊዜ ነው ሃይላንደር የዐውደ ጥናቶቹ ኃላፊ አድርጎ የቀጠራት።

ጃንዋሪ 7 ቀን 1957 ማታ 14 ሰዎች ከሱቁ ጀርባ ተሰበሰቡ። ሮቢንሰን መምህራን ዘመዶቿ ያዋሷትን የአንደኛ ክፍል መማሪያ ይዛ መጥታ ነበር። ፊታቸውን ስታይ መጽሐፉ እንደማይሆን ገባት። ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ እርሷ መምህርት እንዳልሆነች፣ አብረው እንደሚማሩ፣ እነርሱም የሚያስተምሯት ነገር እንዳለ ነገረቻቸው። ቀጥላም ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀች።

መልሱ በማንም የትምህርት ሚኒስቴር ሰነድ ውስጥ የሚገኝ አልነበረም። ስማችንን መጻፍ እንፈልጋለን አሉ፤ በ«ኤክስ» ምልክት መፈረም ሰልችቷቸው ነበር። በፖስታ ዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላት፣ ሐዋላ መላክ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ ሒሳብ ማወቅ፣ ሕገ መንግሥቱን አንብቦ መመዝገብም ነበረበት። የትምህርቱ መርሐ ግብር ይኸው ሆነ። ሮቢንሰን ግን የራሷንም አንድ ነገር ጨመረች። ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ያንን እንዲያነብ እንደምትመኝ ነገረቻቸው። አወያይ ጥያቄውን ለተወያዮቹ ይተዋል ሲባል የራሱ ተስፋ የለውም ማለት እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ተስፋዋን አልደበቀችም፤ በግልጽ ሰቀለችው፤ በእነርሱ ፍላጎት ቦታ ግን አልተካችውም።

ትምህርቱ ገበሬው ፋታ በሚያገኝበት የክረምት ወራት፣ በሳምንት ሁለት ማታ ይሰጥ ነበር። ከሕገ መንግሥቱ ከባድ ቃላት እየተነጠሉ ይወጣሉ፤ እንዴት እንደሚነበቡ ብቻ ሳይሆን ምን ማለት እንደሆኑ ይነጋገሩባቸዋል። «ዜጋ» ምንድን ነው? «መመዝገብ» ለምን ይጠቅማል? ስለ አንድ ቃል የተጀመረው ንግግር ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሸሪፉ ወደ መነጋገር ይሄዳል። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው አንዲት ተማሪ ሰሌዳ ላይ ከተጻፉት ስሞች መካከል የራሳቸውን ለይተው ያሳዩበት ምሽት ለሮቢንሰን ከዓመታት በኋላም የሚያስደነግጣት ትዝታ ነበር።

የማይመልስ ሰው

ከዚህ ሁሉ ለአወያይ የሚሆን ሕግ ቢወጣ የመጀመሪያው «ጥያቄው የማን እንደሆነ ዕወቅ» የሚል ይሆናል። የውይይት ክበቡና የሱቁ ክፍል የሚለያዩት በዚህ ነው። ሁለቱም ቦታ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ቦታ የሚመራ ሰው አለ፤ በሁለቱም «ተናገሩ» ይባላል። በአንዱ ግን ጥያቄውን ያመጣው መልሱን የያዘው ሰው ነው። በሌላው ጥያቄው የመጣው ከሚኖርበት ሰው ነው፤ መሪውም መልሱን አያውቀውም። ዐዋቂ ሰው ይህን ልዩነት በአንድ ደቂቃ ይለየዋል። መልሱ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን ከጠረጠረ አፉን አይከፍትም፤ ከከፈተም የሚጠበቅበትን ብቻ ይናገራል።

ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ይከብዳል፦ ብታውቀውም ውሳኔውን አትንጠቃቸው። ሆርተን በሠራተኞች አድማ ዘመን የደረሰበትን ደጋግሞ ይተርክ ነበር። አድማው ሊከሽፍ የተቃረበባቸው መሪዎች መጥተው ምን እናድርግ አሉት። ሲነጋገሩ ቆይተው መላ ሲያጡ እርሱ እንዲነግራቸው ጠየቁ። እንቢ አለ። ከመካከላቸው አንዱ ሽጉጥ አውጥቶ ካልነገርከን እገድልሃለሁ አለው። ሆርተን ያን ጊዜ ባለሙያ ለመሆን ክፉኛ እንደተፈተነ ይናገራል። ግን አልነገራቸውም፤ ዛሬ ቢነግራቸው ነገም ወደ እርሱ እንደሚመጡ፣ የራሳቸው መሪ መሆናቸውም እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ስለሚያምን።

ሦስተኛው ዝምታን መታገሥ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። ጥያቄ ተጠይቆ ክፍሉ ጸጥ ሲል ልምድ የሌለው አወያይ ይደነግጥና ራሱ ይመልሳል። ያ ጸጥታ ግን ብዙ ጊዜ ሰዉ የሚያስብበት ሰዓት ነው። በ1955 በጋ፣ አንዲት የሞንትጎመሪ ልብስ ሰፊ በሃይላንደር ሁለት ሳምንት ቆይታ ነበር። ብዙ አትናገርም። በመጨረሻው ቀን አገርሽ ስትመለሺ ምን ታደርጊያለሽ ስትባል፣ የከተማዋ ሰው በአንድነት ይነሣል ብላ እንደማትጠብቅ፣ ከወጣቶች ጋር ግን ሥራዋን እንደምትቀጥል ተናገረች። ይህች ሴት ሮዛ ፓርክስ ናት። አራት ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን፣ አውቶቡስ ላይ ከመቀመጫዋ አልነሣም አለች። ያን ያደረገችው በዐውደ ጥናቱ ምክንያት ነው ማለት የብዙ ዓመት የትግል ታሪኳን ማሳነስ ይሆናል። ግን ያን ዕለት የአወያይን ሥራ በተሳታፊው ንግግር ብዛት የሚለካ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ስለ ፓርክስ የሚጽፈው ሪፖርት ደካማ ይሆን ነበር።

ክላርክ ከሁለቱ ጋር

ይህን ታሪክ አጣፍጦ ለመተረክ የሚቸኩል ሰው አንድ ነገር ይዘላል። ሆርተንና ክላርክ ይከራከሩ ነበር። እርሱ ሰው ከነቃና ከወሰነ ሌላው ይከተላል ባይ ነው። እርሷ ደግሞ ዕድሜዋን በክፍል ውስጥ ያሳለፈች መምህርት ናት፤ ፊደል በመወያየት ብቻ እንደማይታወቅ ታውቃለች። እስክሪብቶ ይዞ የማያውቅ የገበሬ እጅ እንዴት ፊደል ይጽፋል? የክላርክ መልስ እንዲህ ነበር። የሰውዬው ስም በካርቶን ላይ ይጻፋል፤ እርሱም እጁ እስኪለምደው ድረስ በመስመሩ ላይ ደጋግሞ ይከተላል። ይህ ክብ ሠርቶ በመቀመጥ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ ሙያ ነው። የጆንስ አይላንድ ትምህርት የሠመረው የሁለቱ ክርክር አንዱ ሌላውን ሳያሸንፍ በመቅረቱ ነው። ምን እንደሚማሩ የወሰኑት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እንዴት እንደሚማሩ ያወቀችው መምህርቷ ናት። ይህን የሚያደባልቅ አወያይ ወይ አምባገነን ይሆናል ወይ ሥራውን ይተዋል።

ዋጋውም መጣ። ጁላይ 31 ቀን 1959 የቴነሲ ፖሊሶች ሃይላንደርን ከበው ፈተሹ። መጠጥ የማትቀምሰውን ክላርክን መጠጥ ይዛ ተገኘች በሚል አሰሯት። በ1961 ግዛቲቱ የማሠልጠኛውን ፈቃድ ሰረዘች፤ ንብረቱም ተሸጠ። ሃይላንደር በሌላ ስም ሥራውን ቀጠለ፤ የዜግነት ትምህርት ቤቶቹ ግን በዚያው ዓመት ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመራው የደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ ተዛወሩ። ክላርክም አብራ ሄደች። ከየገጠሩ የመጡ ገበሬዎች፣ ልብስ አጣቢዎችና ፀጉር ሠሪዎች ሠልጥነው ወደየመንደራቸው ተመለሱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ አስተማሪ ሆኑ። የሚሲሲፒዋ ፋኒ ሉ ሄመር ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በጁን 1963 ከቻርልስተን ሥልጠና ስትመለስ ዊኖና በምትባል ከተማ ተይዛ እስር ቤት ውስጥ ተደበደበች፤ የአካል ጉዳቱ እስከ ዕለተ ሞቷ አልለቀቃትም።

ሌላው ዋጋ ግን ከወዳጅ የመጣ ነው። ክላርክ ለኪንግ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሰልፉን ሁሉ እርሱ ብቻ ከሚመራ በየቦታው ሌሎች መሪዎች እንዲወጡ ቢያደርግ እንደሚሻል የሚመክር ነበር። ኪንግ ደብዳቤውን ለባልደረቦቹ አነበበላቸው። ሳቁ። ክላርክ ይህን በኋለኛ ዘመኗ ስትተርክ አልሸፋፈነችውም፤ ሴት የምትናገረውን አለመስማት የዚያ ንቅናቄ ትልቅ ድክመት እንደነበረ በግልጽ ተናገረች። ሌሎችን ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ በመጠየቅ የተገነባ ሥራ፣ ራሱ የተገነባበትን ጥያቄ በገዛ ስብሰባው ውስጥ ማስተናገድ አቃተው። የውይይት ባህል ከበታች ያለውን ሲጠይቁት ያምራል፤ ፈተናው ከበታች ያለው ሲጠይቅ ነው።

ሁለት ክበቦች

ጆንስ አይላንድ ብቸኛ አይደለችም። በ1963 በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፣ አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፓውሎ ፍሬሬ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ፊደል ለማስተማር ተነሣ። ክፍሉን ክፍል አላለውም፤ «የባህል ክበብ» አለው። መምህሩንም መምህር አላለውም፤ አስተባባሪ አለው። ከፊደል በፊት ሥዕል ይታያል፤ ሰዎቹ ስለሚኖሩበት ኑሮ ይነጋገራሉ፤ ከንግግራቸው የወጣው ቃል የመማሪያ ቃል ይሆናል። ብራዚልም ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ድምፅ የማትሰጥ አገር ነበረች። ሁለት የማይተዋወቁ ቦታዎች በአንድ ዓይነት በር ተዘግቶባቸው አንድ ዓይነት መክፈቻ አገኙ። ቅጣቱም ተመሳሰለ፤ በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ፍሬሬ ታሰረ፤ ከዚያም ተሰደደ።

ሆርተንና ፍሬሬ በ1987 ቴነሲ ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ የተለያዩበትም ነገር ነበር። ሆርተን ባለሙያ ከመሆን ይሸሻል። ፍሬሬ ደግሞ አስተማሪ የሚያውቀውን መደበቅ እንደሌለበት፣ ሥልጣንና አምባገነንነት አንድ እንዳልሆኑ ያጠብቃል። ሁለቱ የሚስማሙበት ግን መልሱን አዘጋጅቶ ሰው መሰብሰብ ማስተማር እንዳልሆነ ነው።

በእኛም አገር በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፉ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ዛሬ በውጭ አገር ያለው የብዙ አንባቢ እናት ስሟን መጻፍ የቻለችው በዚያ ዘመቻ ነው፤ በ1980 ከዩኔስኮ በኩል የተሰጠው ዓለም አቀፍ ሽልማትም ያለ ምክንያት አልመጣም። ግን በዚያው ዘመን ፊደል የቆጠረው ሰው፣ ማንበብ በተማረበት አፉ በውይይት ክበቡ ዝም አለ። ጥያቄ የማይጠይቅ አንባቢ ማፍራት እንደሚቻል ያ ዘመን በገሃድ አሳይቷል። የጆንስ አይላንዱን ክፍል ፖሊስ ይፈልገው ነበር፤ የውይይት ክበቡን ግን ያዘዘው መንግሥት ነው። አንድ ውይይት እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ የሚበጅ መለኪያ እዚህ ላይ ይገኛል፦ የጠራውን ሰው ጥቂት ካላሰጋው፣ መልሱ ሐሳቡን ሊያስለውጠው ካልቻለ፣ ስብሰባ እንጂ ውይይት አይደለም።

በ1965 የወጣው የመራጮች መብት ሕግ በደቡብ ካሮላይናና በመሰሎቿ የማንበብ ፈተናውን አገደ፤ በ1975 ክልከላው በአገር አቀፍ ደረጃ ቋሚ ሆነ። ዛሬ ዜግነት አግኝቶ በዋሽንግተን ወይም በአትላንታ የሚመርጥ አማርኛ ተናጋሪ፣ ከሕገ መንግሥት ክፍል ቆርጠው ሳያስነብቡት ድምፁን የሚሰጠው እነዚህ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ጭምር ነው። ዕዳው በምስጋና ብቻ አይከፈልም። በውጭ አገር ያለ የማኅበረሰብ ማእከል፣ የእድር ጉባኤ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የዜግነት ፈተና መሰናዶ ክፍል ሁሉ ማታ ማታ ዐዋቂዎችን ይሰበስባል። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ማይክሮፎኑን ይይዝና ለአንድ ሰዓት ስብሰባ አርባ አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ በቀረው «ጥያቄ ካለ» ይላል። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ጥያቄ ስለሌላቸው አይደለም ዝም የሚሉት። ስብሰባው የማን ጥያቄ እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ሴፕቲማ ክላርክ ያባረራት የቻርልስተን የትምህርት ሥርዓት በ1970ዎቹ ድጋሚ አያት፤ ያን ጊዜ ግን በሕዝብ ተመርጣ የትምህርት ቦርዱ አባል ሆና ነበር። ድምፅ ከሰጧት መካከል ማንበብ የተማሩት በእርሷ መንገድ የሆኑ ሰዎች ነበሩ ብሎ ማሰብ ሩቅ አይደለም።